ሰው ያልሞተበት ድንኳን

በእኛ ጊዜ ወጣት ሲከፋው መድኃኒቱ ሁለት ነበር፤ ወይ ጠበል ይወስዱታል፣ ወይ ሚስት ያጋቡታል። በሁለቱም ካልተሻለው «ተዉት፣ ጠባዩ ነው» ይሉና ይተዉታል። ታዲያ እኔ ዛሬ የምነግራችሁ የዚያን ዘመን አይደለም፣ የአምናውን ክረምት ነው፣ አምና ነሐሴ የሆነውን፣ እና እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል። አንቺ እዚያ ጥግ፣ ከስፌት መኪናዎቹ አጠገብ የተቀመጥሽው ልጅ፣ እጽፋለሁ ካልሽ እንደተናገርሁት ጻፊው፣ እንዳታሳምሪልኝ። ከተናደድሁም ተናደደች ብለሽ ጻፊ።

የሰፈራችንን እድር ታውቁታላችሁ። ያ ድንኳን፣ ያ አግዳሚ ወንበር፣ ያ ሁሉ ድስትና ጭልፋ፣ ሁላችንም አዋጥተን የገዛነው ነው። ታዲያ ያ ሁሉ ዕቃ ምን ይሠራል ብትሉኝ፣ አንድ ቤት ውስጥ ተቆልፎበት ሰው እስኪሞት ይጠብቃል። ሰው ሲሞት ይወጣል፣ ሐዘኑ ሲያበቃ ይገባል። ቤቱ ሰፊ ነው፣ መስኮት አለው፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ እና የሚኖሩበት አይጦች ነበሩ። እኔ የሴቶቹ ዕቃ ኃላፊ ስለሆንሁ አንደኛው ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው፣ ሌላው ሊቀመንበሩ ዘንድ ነው። ሊቀመንበሩ አያ እንየው ነው። እናንተ አንቱ በሉት፣ ደንብ ነው፤ እኔ ግን ከታናሽ ወንድሜ ጋር ጭቃ ሲያቦካ ስላየሁት አንተ ነው የምለው።

ታዲያ ነገሩ የተጀመረው በአምሳሉ ነው። የአምሳሉ እናት አጥር ለአጥር ጎረቤቴ ናት። አንድ ቀን መጣችና ደጄ ላይ ቆመች፣ ግቢ ብላት አልገባም አለች።

«እትዬ ማንጠግቦሽ፣ ልጄ ከሰው ጋር አይበላም» አለችኝ።

«ታመመ?»

«አልታመመም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍሉ ፈተና ካልሆነለት ወዲህ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርዶ ተኝቷል። ጠበልም ወሰድሁት፣ ተጠመቀና መጥቶ ተኛ። ምግቡን በሩ ሥር አኖርለታለሁ፣ እኔ ዞር ስል ይወስዳል። የወለድሁትን ልጅ እንደ ሰው ቤት ድመት ነው የምቀልበው።»

እና ይህ ነገር ከልቤ አልወጣ አለ። ይህ ልጅ ነገ አንድ ነገር ቢሆን፣ እላለሁ፣ ጥሩንባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ እኔ ድስቱን አወጣለሁ፣ አያ እንየው አግዳሚውን ያስደረድራል፣ ሰፈሩ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይመጣል። ይህ ሁሉ ሰው አሁን የት አለ? እስቲ ንገሩኝ። በሩን የሚያንኳኳለት አንድ ሰው ያጣ ልጅ፣ ሲሞት ነው ድንኳን የሚሞላለት?

ታዲያ በእድሩ ስብሰባ ላይ ተነሣሁና ይህንኑ አልሁ። ቤቱን እንክፈተውና ለልጆቹ ሥራ እናስተምርበት፣ ጨዋታ ይጫወቱበት፣ ከየጓዳው ይውጡ አልሁ። ጋሽ ተረፈ፣ ያ ልብስ ሰፊው፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ የስፌት መኪናዎች አሉኝ» አለ። «ዓይኔ እንደሆነ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ማስገባት ትቷል። አፌ ግን ደህና ነው፣ ማስተማር አያቅተኝም።»

እዚያው ሰፈር ተከራይታ የምትኖር ከደቡብ የመጣች መምህርት አለች፣ ሰላም የምትባል። እሷም እጇን አወጣች፣ «እኔ ከትምህርት ቤት መልስ ሥዕልና ድራማ አስተምራለሁ» አለች።

አያ እንየው ታዲያ ምን ይላል፣ «የሙታን ዕቃ ቤት ውስጥ ድራማ?»

«የሙታን ነው ያለህ ማን ነው? እኔ ሳልሞት ነው ያዋጣሁት» አልሁት። ሰው ሳቀ፣ እና በሳቅ አለፈ።

እናንተ፣ ሥልጠና የሚባል ነገር ከዚያ በፊት አልመጣም እንዳይመስላችሁ። መጥቷል። ከአንድ ቢሮ መጡና ጨርቅ ላይ ትልልቅ ፊደል ጽፈው ሰቀሉ፣ ልጆቹን ሰብስበው ተስፋ አትቁረጡ አሏቸው፣ ምሳ አበሏቸው፣ ቆብ ሰጧቸው፣ ፎቶ አነሷቸውና ሄዱ። የአምሳሉን ቆብ እናቱ ዶሮ ታስታቅፍበታለች። ለዶሮዋ ጠቅሟል፣ አልዋሽም።

ታዲያ አምሳሉን እንዴት ላውጣው? ምክር አልመከርሁትም። በሩ ላይ ሄጄ «አምሳሉ፣ ወገቤን አሞኛል፣ ና አግዳሚ አንሣልኝ» አልሁት። ትልቅ ሰው ሲያዘው እንቢ ብሎ ያደገ ልጅ አይደለም፣ ወጣ። ዓይኑ ብርሃን አልችል ብሎ ይርገበገባል። አግዳሚውን አነሣ፣ ድስቱን ወደ አንድ ጥግ ሰበሰበ፣ እኔ ውሃ ላመጣ ስሄድ ከሰል አንሥቶ ግድግዳው ላይ አንድ ነገር ይሞነጫጭራል። ስመለስ ምን አያለሁ? አይጦች። አይጦች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ድስት ተሸክመው፣ ተሰልፈው ለቅሶ ሲሄዱ። የፊተኛው አይጥ ጥሩንባ ይነፋል። እኔ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ፣ እሱም ሳቀ፣ እና ያን ልጅ ካሳደግነው ጀምሮ ጥርሱን ያየሁት ያን ቀን ነው ማለት እችላለሁ።

«ይህን የሣለው ማን ነው?» አለች ሰላም፣ ስትገባ።

«አይጦቹ ናቸው» አላት።

ከዚያ ቤቱ ሞላ። ጠዋት ስፌት ነው፣ ከሰዓት ሥዕልና ድራማ ነው። የተማሪ ልብስ ሰፉ፣ ሽርጥ ሰፉ፣ የሰፈሩ ሰው ቀሚሱን ማሳጠር ሲፈልግ ወደዚያው መላክ ጀመረ። አምሳሉ መኪናው ላይ ሲቀመጥ ጋሽ ተረፈ ከኋላው ቆሞ በመኪናው ድምፅ ብቻ ያውቅበታል፤ «ቸኮልህ» ይለዋል፣ «አሁን ደግሞ ክሩን አጠበቅኸው» ይለዋል። እና አምሳሉ ማታ ከእናቱ ጋር ከአንድ ሳህን ይበላ ጀመር። እናቱ ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው፣ ጮክ ካለች የሚጠፋ ይመስል።

ታዲያ ለቡሄ ድራማ እናሳያለን አሉ ልጆቹ። ነሐሴ ነው፣ የእኛን አገር ዝናብ ታውቁታላችሁ። ያለ ድንኳን አይሆንም። እኔ ራሴ ለአያ እንየው ዋዜማውን ነገርሁት፣ «ነገ ድንኳኑን እናወጣለን፣ ለልጆቹ ነው» አልሁት፣ እሱ ደግሞ በስልክ ከሰው ጋር እየተነታረከ «እሺ፣ እሺ» አለኝና በእጁ አሰናበተኝ። ድንኳን የሚተከልበት ለጥ ያለ መሬት በሰፈራችን አንድ ብቻ ነው፣ እሱም የአያ እንየው ደጅ ነው። ስለዚህ እዚያ ተተከለ። እሱ በማለዳ ገብሱን ሊያይ ወደ ጋፋት በእግሩ ሄዷል፤ ስልኩን ቤት ውስጥ ቻርጅ ላይ ሰክቶ ትቶታል።

እንግዲህ አስቡት። ሰው የሚያውቀው ያ አረንጓዴ ሸራ ሲወጣ ሰው ሞቷል ማለት ነው፣ ሌላ ነገር ሆኖ አያውቅም። የሰፈሩ ሰው ያውቃል፣ መንገደኛው ምን ያውቃል? መጀመሪያ ለገበያ የመጡ ሴቶች ድንኳኑን አዩና ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ።

«እናቴ፣ ማንም አልሞተም» አልኋት አንዷን። «የልጆች ጨዋታ ነው።»

እሷ ደግሞ እጄን ያዘችና «ያጽናሽ እህቴ፣ ያጽናሽ» አለችኝ። ሐዘኑ ያናወዘኝ መሰላት።

ከኋላዋ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ዱላቸውን ይዘው ገቡና ተቀመጡ። «ሟቹ ወንድ ነው ሴት?» አሉኝ።

«ሟች የለም አባ።»

«እንግዲህ ከተቀመጥን ተቀምጠናል፣ ዝናቡም አለ» አሉና ጉንጫቸውን በእጃቸው ደግፈው እንደ ለቀስተኛ ቁጭ አሉ።

ድራማው ተጀመረ። አንዲት እናት አለች፣ ልጇ በሩን ዘግቶ አልወጣ ብሏታል። በሩን አምሳሉ ትልቅ ጨርቅ ላይ ሥሎታል፣ ማጠፊያው፣ ስንጥቁ፣ የላላው ሚስማር ሳይቀር። እናቲቱን የምትጫወተው ልጅ ያን በር እየደበደበች «ልጄ ክፈትልኝ፣ ከሰው አላወዳድርህም፣ ብቻ ፊትህን አሳየኝ» እያለች ታለቅሳለች። ድንኳኑ ጸጥ ብሏል። የአምሳሉ እናት የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ይዛለች። እኔም አልቻልሁም።

ታዲያ በዚያች ሰዓት ምን ሆነ መሰላችሁ። አንድ ቤተሰቡን የሚያውቅ ሰው በመኪና ሲያልፍ በእንየው ደጅ ድንኳን አይቶ አንበሳሜ ከተማ ለምትኖረው እህቱ ደውሎላት ኖሯል። እህቱ ይታይሽ ትባላለች፣ ታላቁ ናት። ወንድሟ ጋ ትደውላለች፣ ስልኩ ባዶ ቤት ውስጥ ይጮሃል፣ ቤተሰቡ ሁሉ እኛ ጋ ድራማ ያያል። አለቀ፣ ሞቷል። ዘመድ ሰበሰበች፣ ሚኒባስ ተከራየች፣ እያለቀሰች መጣች። ከመኪናው ስትወርድ ደግሞ ከድንኳኑ ውስጥ የለቅሶ ድምፅ ትሰማለች። ከዚህ ወዲያ ማን ይጠራጠራል?

ወገቧን በነጠላ ታጥቃ ገባች፣ ሰው መሐል ሰንጥቃ አለፈች፣ እና ያ የተሣለው በር ላይ ወደቀች። ሰው የድራማው ክፍል መሰለውና አጨበጨበ። ከኋላዬ አንዷ «ይቺን ደግሞ የት ደብቀዋት ነበር፣ ከሁሉም ትበልጣለች» ትላለች። ይታይሽ ታዲያ ደረቷን ይዛ ሙሾ ማውረድ ጀመረች፤

«የወንድሜን በር ማን አየው ተዘግቶ፣
የሰው ልጅ ሲያሳድግ የራሱን ረስቶ፤
እንየው፣ እንየው...»

ስሙን ሲሰማ ሰው ክው አለ፣ ከዚያ ሳቅ ፈነዳ። ለምን ብትሉኝ፣ የእንየው በር እኮ ነው። ጎረቤት ወንፊት ሊዋስ ቢሄድ የሚያናግረው ውሻው ነው። እነዚያ ሽማግሌ ገበሬ ወደ እኔ ዞሩና «ይኸው፣ አንቺ ሟች የለም ትይኛለሽ» አሉኝ፣ ተቆጥተው።

ይባስ ብሎ እንየው ራሱ ደረሰ። ቦቲው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ደጁ ላይ ድንኳን አይቷል፣ የእህቱን ድምፅ ሰምቷል፣ ከቤቱ ማን እንደሞተበት አያውቅም፣ ፊቱ አመድ ሆኗል። መግቢያው ላይ የተቀመጡትን ገበሬ ትከሻቸውን ያዘ።

«አባ፣ ማን ነው የሞተው?»

«እንየው የሚባል ሰው ነው አሉ» አሉት፣ «ነፍስ ይማር። ደግ ሰው ነበር ትላለች እህቱ።»

እኔም ስቄያለሁ፣ አልዋሽም። ያልሳቀ አልነበረም። ይታይሽ ቀና ብላ አየችውና ራሷን ሳተች፣ ውሃ ረጨናት። ስትነቃ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እሱ ግን እሷን አላየም፣ የሚስቀውን ሰው ነበር አንድ በአንድ የሚያየው።

በነጋታው ታዲያ፣ ልብ በሉ፣ ቁልፌን ይዤ ወደ እድሩ ቤት ስሄድ ቁልፉ አዲስ ነው። ጓጉንቸሩን ቀይሮታል። መኪናዎቹስ? ውጭ። የጋሽ ተረፈ የስፌት መኪናዎች ጣራው ጥግ ሥር ጭቃ ላይ ተቀምጠው ዝናቡ እየነዳ ይገርፋቸዋል። ጋሽ ተረፈ ጋቢውን ከትከሻው አውልቆ አልብሷቸዋል፣ ራሱ በሸሚዝ ቆሞ ይንቀጠቀጣል። ዓይኑ በደንብ ስለማያይ በእጁ እየዳበሰ «ይቺ ዝጋለች? እስቲ እዪልኝ፣ ዝጋለች?» ይለኛል። ያን ጊዜ ያልሁትን አንቺ አትጻፊው።

እንየው ጋ ሄድሁ። በአጥሩ ላይ ነው ያናገረኝ።

«በቁሜ ድንኳን ተከላችሁብኝ» አለ። «በቁሜ አስለቀሳችሁብኝ። ሟርት ነው ይሄ፣ እትዬ ማንጠግቦሽ። እርስዎም አሉበት።»

«ሟርት አይደለም» አልሁት። «ተሳቀብህ፣ እሱ ነው ያንገበገበህ። ለሳቁ ልጆቹ ምን አደረጉህ?»

ዘግቶብኝ ገባ።

አምሳሉም ወደ ብርድ ልብሱ ተመለሰ። እናቱ እንደገና ሳህን በሩ ሥር ማኖር ጀመረች። «ድራማውን በላያችን ላይ ጨረሱት እኮ» አለችኝ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ እድሩ በዕቃ ቤቱ ግቢ ተሰበሰበ። ወንዶቹ በየተራ ይነሣሉ። አንዱ «ድንኳን እኮ ይከበራል» ይላል። አንዱ ደግሞ፣ ቢሮ የሚሠራው፣ ወረቀት እንደሚያነብ ሆኖ «ወጣቶቹን ለሚመለከተው አካል እናስተላልፋቸው» ይላል። የሚመለከተው አካል ማን ነው? እኛ ዓይናችን ጠፍቷል? በራችን ሥር ሳህን ሲቀመጥ የምናየው እኛ አይደለንም? ይህንኑ አልሁ፣ ጮኬም አልሁ። የአምሳሉ እናትም ተነሣች፣ አለቀሰች፣ ተቀመጠች። እንየው ግን ጓጉንቸሩን አላነሣም አለ፣ ነገሩ አለቀ ስንል አንድ ሰው ከኋላ ተነሣ።

ይታይሽ ናት። «እንኳን ተረፈልሽ» የሚላት ዘመድ እየመጣ ስለሆነ አንበሳሜ አልተመለሰችም ነበር።

«እኔ የዚህ እድር አባል አይደለሁም» አለች፣ «ግን በድንኳናችሁ ውስጥ አልቅሻለሁ። የወንድሜን በር ማን አየው ተዘግቶ ብዬ ሳለቅስ ሰው ሳቀ። ምን ያስቃቸዋል ብዬ ስገረም ሰነበትሁ። ዛሬ እዚህ ስገባ ያን ጓጉንቸር አየሁት፣ ገባኝ።»

«እታለም፣ ተቀመጪ» አላት እንየው።

«አልቀመጥም። እንየው፣ እኔ በውሸት አልቅሼ አላውቅም። አባታችንን ሳለቅስ ያላደረገውን አላልሁም፣ ሰው ያውቃል። አንተን የሰው ልጅ ያሳድጋል ብዬ አለቀስሁልህ፣ በአገር ፊት። እንግዲህ ወይ በሩን ክፈትና ለቅሶዬን እውነት አድርግልኝ፣ ወይ ደግሞ የሞትህ ዕለት አልመጣም። አንዴ አልቅሼልሃለሁ፣ ይበቃሃል።»

እህት ያላለቀሰችለት ሬሳ በእኛ አገር ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። እንየው መሬት መሬቱን አየ፣ ኪሱን ዳበሰ፣ ቁልፉን አወጣና ጭኔ ላይ ጣለው። «ድንኳኑ ግን ከእንግዲህ ለሬሳ ብቻ ነው» አለ።

እና ሰው ሁሉ እልል አለ። እኔ ግን እልል አላልሁም፣ ዛሬም አልልም። ለምን? የእናቲቱ እንባ አላስከፈተውም። ጋሽ ተረፈ በዝናብ መቆሙ አላስከፈተውም። እኔ ጉሮሮዬ እስኪነቃ መናገሬ አላስከፈተውም። የከፈተው ለገዛ ለቅሶው ነው፣ ሲሞት እንዲያምርለት ነው። ልጅ በቁሙ ታፍኖ ሲሞት አይታየንም፣ ሬሳችን እንዳይዋረድ ግን እንቅልፍ እናጣለን። እንዲህ ነን። ይህን ጻፊው፣ ይህንን አስምሪበት።

ከስብሰባው በቀጥታ ወደ አምሳሉ በር ሄድሁ። «ተከፍቷል» አልሁት። ከውስጥ ድምፁ መጣ።

«እማማ፣ መኪናዎቹ ውሃ ገብቶባቸዋል?»

«ገብቶባቸዋል። ጋሽ ተረፈ ዘይት እያጠጣቸው ነው።»

«የትኛውን ዘይት?»

«እኔ ምን አውቄ፣ የወጥ ዘይት መሰለኝ።»

«ኧረ ያበላሻቸዋል» አለና በሩ ተከፈተ። ጫማውን በእጁ ይዞ ነው የሮጠው።

ድንኳኑን ታዲያ ተከለከልን፣ ይሁን። ልጆቹ የራሳቸውን ሰፉ። ከቁራጭ ሸራ፣ ከአሮጌ መጋረጃ፣ ከተሰበረ ጃንጥላ ጨርቅ እየቀጣጠሉ ሰፉት፤ ቀይ አለበት፣ ቢጫ አለበት፣ አበባ አበባ ያለበትም አለ። አምሳሉ በአንደኛው ወገን አይጦቹን ሣለበት። ያን ድንኳን አይቶ ነጠላውን የሚያዘቀዝቅ የለም። መሬቱ ያው አንድ ስለሆነ የሚተከለው እንየው ደጅ ነው፣ እሱም እያጉረመረመ ያያል። በቀደም ዕለት ታዲያ ብቻዬን ጠብቆ ወደ ጥግ ወሰደኝ።

«እትዬ ማንጠግቦሽ» አለኝ፣ ቀስ ብሎ፣ «መቼም ሰው ነኝ። የእኔ ቀን የመጣ ዕለት...»

«ምን ይሁን ትላለህ?»

«ያችን ዥንጉርጉር ድንኳን እንዳታስተክሉብኝ።»

«እሱ እንደ አያያዝህ ነው» አልሁት።

አምሳሉ፣ ምን ያስቅሃል እዚያ መኪናህ ላይ? ሥራህን ሥራ።

«አይ እማማ» አለ አምሳሉ፣ «የሰፋናት እኮ በእሳቸው ደጅ ልክ ነው።»